ከደቡብ መስቀል በስተቀኝ፦ ኤን ጂ ሲ 3532ን በትንሽ ቴሌስኮፕ ማየት

ቴሌስኮፕ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ ጨረቃን ያያል፤ ቀጥሎ የሳተርንን ቀለበትና የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች። ከዚያ "አሁንስ ምን ልይ?" ብሎ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የሚያገኘው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ለእኛ ግን ጎዶሎ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢጠብቅ ከአድማስ በላይ የማይወጡለት ከዋክብት ለእኛ በየዓመቱ ይወጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ እኔ የማልጠግበው ኤን ጂ ሲ 3532 የተባለውን የከዋክብት ዘለላ ነው። ይህን የምጽፈው ትንሽ ቴሌስኮፕ ወይም ባይኖኩላር ያለው ሰው በመጪው የፋሲካ ሰሞን ራሱ ፈልጎ እንዲያየው ነው።

ክፍት የከዋክብት ዘለላ የሚባለው ከአንድ የጋዝ ደመና አብረው የተወለዱና ገና ያልተበታተኑ ከዋክብት ስብስብ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሰባቱ ከዋክብት የሚባለውን ነው፤ በበጋ ምሽት ከፍ ብሎ የሚታየውን ማለት ነው። ኤን ጂ ሲ 3532 ደግሞ በደቡብ ሰማይ፣ ካሪና በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ፣ ፍኖተ ሐሊብ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ወደ አንድ ዲግሪ ይጠጋል፤ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ የሚሸፍኑትን ያህል ነው። ይህ ስፋት ነው የቴሌስኮፑን ነገር ሁሉ የሚወስነው።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው። ዘለላው ከፍ ብሎ በትክክል ወደ ደቡብ የሚቆመው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ሰዓት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎም ሆነ ዘግይቶ ማየት ይቻላል። ከፍታው ግን ብዙ አይደለም። ከአዲስ አበባ ሲታይ ቢበዛ 22 ዲግሪ ላይ ይደርሳል፤ ክንድን ዘርግቶ ሁለት ጭብጥ ከአድማስ ላይ መደራረብ ማለት ነው። አርባ ምንጭ ላይ 25 ዲግሪ ይሆናል፤ ጎንደር 19 አይሞላም፤ መቀሌ ወደ 18 ዝቅ ይላል። ወደ ደቡብ በወረዱ ቁጥር ይሻላል።

ጨረቃ ደግሞ አለች። ደብዛዛዎቹን ከዋክብት የምትውጥ እሷ ናት፤ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ዘለላው ግማሹን ውበቱን ያጣል። እዚህ ላይ የባሕረ ሐሳቡ ስሌት ሳያስበው የዋለልን ውለታ አለ። የእኛ ፋሲካ ሁልጊዜ የሚውለው ጨረቃ ሞልታ መጉደል ከጀመረች ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ በፋሲካ ምሽት ጨረቃ የምትወጣው አምሽታ ነው፤ በየቀኑም ይበልጥ ትዘገያለች። ከፋሲካ ምሽት ጀምሮ ለጥቂት ቀናት የመጀመሪያው የምሽት ክፍል ጨለማ ነው። ዘለላውም ያኔ ሰዎች ገና ሳይተኙ፣ ልጆች ሳይቀሩ ሊያዩት በሚችሉበት ሰዓት ደቡብ ላይ ቆሞ ይገኛል። ካላንደር ማገላበጥ የማይወድ ሰው ይህችን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል።

የቦታ ምርጫ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ኮከብ ማየት ሲነሣ ሁሉም ሰው እንጦጦን ያስባል። ኮረብታው ከፍ ያለ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ኦብዘርቫቶሪም እዚያው ይገኛል። ነገር ግን እንጦጦ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ከዚያ ሆነን ወደ ደቡብ ስንዞር ፊታችን ላይ የተዘረጋው አዲስ አበባ ከነመብራቱ ነው። ወደ ሰሜን ወይም ወደ አናት ለሚያይ ሰው እንጦጦ ጥሩ ነው፤ 22 ዲግሪ ላይ ያለ የደቡብ ዘለላ ለሚፈልግ ግን የከተማው ብርሃን መጋረጃ ነው። ከተማውን ከጀርባ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ መውጣት ማለት ነው።

እኔ የምመርጠው ላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂና ባቱ ከኋላ ይቀራሉ። የሻሸመኔና የሐዋሳ ብርሃን በደቡብ አድማስ ጫፍ ላይ በስሱ ይታያል፤ ዘለላው ግን ከዚያ በላይ ስለሆነ አይነካውም። ከፍታው ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብርዱም አያንገበግብም። ደብረ ብርሃን ወይም ጉራጌ ደጋ ላይ የሚያይ ሰው ግን ጋቢ ሳይይዝ እንዳይወጣ፤ ብርድ ላይ ያለ ሰው ትዕግሥት የለውም፣ ትዕግሥት ከሌለ ደግሞ የከዋክብት ዘለላ ምንም አያሳይም።

በሌሊት ሜዳ ላይ ረጅም ቱቦ ይዞ መቆም በአገራችን ጥያቄ ያስነሣል፤ ማስነሣቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ጥበቃ ያለው ሎጅ ግቢ ወይም የምናውቀው ሰው ቤት እንመርጣለን፤ ገና በብርሃን ደርሰን ለጥበቃዎቹና ለጎረቤቶቹ ምን እንደምንሠራ እንነግራለን፤ ሲመሽም መጥተው እንዲያዩ እንጋብዛቸዋለን። ብቻዬን አልወጣም፤ ወንድሜና ጓደኞቼ አብረውኝ ይሆናሉ። ሴት ከሆንሽና ይህን የምታነቢ ከሆነ ይህን ነገር ችላ አትበዪው።

የአየሩ ነገርም አለ። የካቲትና መጋቢት ላይ ደረቁ አየር አቧራና የቃጠሎ ጭስ ተሸክሞ ይቆያል፤ አናት ላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ከአድማስ በላይ 20 ዲግሪ ያህሉ ቡናማ ይሆናል። የበልግ ዝናብ የሚወርድበት ሰሞን ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ እኔ ግን ከዝናብ በኋላ ያለችውን ሌሊት ነው የምጠብቃት። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ አመሻሽ ላይ ደመናው ከተገለጠ አየሩ ታጥቧል፤ ደቡቡ እስከ ታች ድረስ ጥቁር ይሆናል። እንዲህ ያለች አንዲት ሌሊት ከብዙ የአቧራ ሌሊት ትበልጣለች።

መንገዱ ቴሌስኮፕን ያናውጣል። የእኔው ባለ መስታወት ነው፤ 130 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዋና መስታወት፣ 650 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት (ከመስታወቱ አንሥቶ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው)፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት። ከመኪና ሲወርድ መስታወቶቹ ከመስመር ወጥተው ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የማደርገው እነሱን መፈተሽ ነው። አንድ ደማቅ ኮከብ መካከል ላይ አስገብቼ ፎከሱን በጥቂቱ አወጣለሁ፤ ኮከቡ ክብ ክብ ቀለበት ይሆናል። መካከሉ ላይ ያለው ጥቁር ጥላ እኩል መሐል ላይ ካለ ደህና ነው፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በጥቂቱ እያዞርኩ አስተካክላለሁ። ይህ ካልተደረገ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ይቀርና ጭራ ያወጣሉ። መስታወቱም ከውጭው አየር ጋር እስኪስማማ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ።

ቴሌስኮፑን የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ አስቀምጬ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ዘለላው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቱቦው ወደ አግድም ይጠጋል፤ ዓይን የሚጠጋበት ቦታም ለተቀመጠ ሰው ልክ ይሆናል። አናት ላይ ያለ ነገር ለማየት አንገት የሚሰበረውን ያህል ይህኛው ምቹ ነው። ባትሪዋን በቀይ ፌስታል ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ ስልክ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንዴ የስልክ መብራት ካየ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

አሁን እንፈልገው። ወደ ደቡብ ዞራችሁ ቁሙ። የደቡብ መስቀልን ፈልጉ፤ አራት ደማቅ ከዋክብት ተጠጋግተው መስቀል ሠርተዋል። ከመስቀሉ በስተግራ ሁለት በጣም ደማቅ ከዋክብት አሉ፤ አልፋና ቤታ ሴንታውሪ ናቸው፤ እነሱ ካሉ እውነተኛው መስቀል እሱ ነው። ይህን የምለው በስተቀኝ ርቆ ሌላ ሰፋ ያለና ደብዘዝ ያለ መስቀል ስላለ ነው፤ ብዙ ሰው በእሱ ይሳሳታል። እውነተኛው መስቀል ቀጥ ብሎ ሲቆም በቀኝ ክንዱ ላይ ያለውን ኮከብ ያዙ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ከዚያ ኮከብ በስተቀኝ አድርጉ። ዘለላው በጭብጡ በሌላኛው ጠርዝ ላይ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከሰማይ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ትክክል በላይ ካለው የሰማይ መስመር፣ ሲለካ ያ የቀኝ ክንድ ኮከብና ዘለላው ያላቸው ርቀት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ወደ 58.7 ዲግሪ ደቡብ ላይ ናቸው፤ መንገዱ ቀላል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨለማ ቦታ ላይ ዘለላው በባዶ ዓይንም ይታያል። ፍኖተ ሐሊብ እዚያ አካባቢ ራሱ ደማቅ ነው፤ ዘለላው ከእሱ ላይ ጎልቶ የወጣ የብርሃን ጠብታ ነው። ከጎኑ፣ በስተቀኝና ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሦስት ዲግሪ በሚጠጋ ርቀት ላይ፣ ሌላ ሰፋ ያለ የብርሃን ጭጋግ አለ፤ እሱ የካሪና ኔቡላ ነው፤ ከዋክብት ገና የሚወለዱበት የጋዝ ደመና። 10 በ50 የሆነ ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ሁለቱንም በአንድ ዕይታ ይይዛቸዋል። ኔቡላው እንደ ጭጋግ ይቀራል፤ ዘለላው ግን ወዲያው ተሰባብሮ ከዋክብት ይሆናል። ክርኖቹን ጉልበት ላይ ወይም አጥር ላይ ማስደገፍ ነው እንጂ እጅ ከተንቀጠቀጠ ከዋክብቱም ይንቀጠቀጣሉ።

ከዚያ ቴሌስኮፑ። 25 ሚሊ ሜትር አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበትን ትንሽ ሌንስ) አስገባለሁ፤ ለእኔው ቱቦ 26 እጥፍ ያጎላል፤ ወደ ሁለት ዲግሪ የሚጠጋ ሰማይም ያሳያል። ዘለላው መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ዙሪያውን ጥቁር ሰማይ ይተርፈዋል። ይህ ትርፍ ጥቁር ነው ዘለላውን ዘለላ የሚያስመስለው፤ ዳርቻው ካልታየ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ዓይን አያውቅም። ቅርጹ ክብ አይደለም፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ረዘም ያለ እንቁላል ነው። መጀመሪያ ሲያዩት የሚታየው እኩል የሚመስል የነጭ ነጥቦች ብዛት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ "እሺ፣ አየሁት" ብሎ ይነሣል። ቁጭ ማለት ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ሲያልፍ ደማቆቹ ከደብዛዛዎቹ ይለያሉ። ከዚያ መስመሮች ይወጣሉ፤ አራት አምስት ከዋክብት ተከታትለው ቅስት ይሠራሉ፤ አንዱ ቅስት ከሌላው ጋር ይገናኛል። ቀጥሎ ክፍተቶቹ መታየት ይጀምራሉ፤ ከዋክብት የሳሱበት ጥቁር ሰርጥ ዘለላውን አቋርጦ ያልፋል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቀለም ነው።

ቀለሙን ለማየት አንዲት ዘዴ አለች፤ ፎከሱን በጣም በትንሹ ማውጣት። ነጥብ የነበረው ኮከብ ትንሽ ክብ ሲሆን ቀለሙ ለዓይን ይሰፋል። ያኔ ከነጮቹና ከሰማያዊ ቀመሶቹ መካከል ጥቂት ብርቱካናማ ከዋክብት ብቅ ይላሉ። በዘለላው ጠርዝ ላይ ደግሞ ከሁሉም የሚደምቅ አንድ ቢጫ ኮከብ አለ፤ ኤክስ ካሪኔ ይባላል። በባይኖኩላር በታች በግራ በኩል ነው፤ የእኔው ዓይነት ቴሌስኮፕ ምስሉን ስለሚገለብጥ ግን በላይ በቀኝ በኩል ይመጣል። ይህ ኮከብ ከዘለላው ጎን የቆመ ይምሰል እንጂ ዘመዱ አይደለም፤ በብዙ ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ከኋላ ያለ ግዙፍ ኮከብ ነው። ከዚያ ሁሉ ርቀት ሆኖ ከቅርቦቹ በላይ መድመቁ የራሱን ግዝፈት ያሳያል።

አንድ ምሽት ላይ የሎጁ ጥበቃ የሆኑ አዛውንት መጥተው ለማየት ጠየቁኝ። በርጩማውን ሰጠኋቸው፤ ፎከሱን እንዴት እንደሚያዞሩ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳያነሡ "ልጄ፣ እነዚህ ቀላ ያሉት ከነጮቹ ጋር ናቸው ወይስ እንዲሁ አጠገባቸው የተገኙ ናቸው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ከእነሱው ጋር ናቸው። ያ ጠርዝ ላይ ያለው ቢጫው ግን ባዕድ ነው" አልኳቸው።

"በምን ታወቀ?"

ይህን ጥያቄ ብዙ የተማረ ሰው አይጠይቀውም። የሚታወቀው በጉዞአቸው ነው። አብረው የተወለዱ ከዋክብት በሰማይ ላይ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ፍጥነት ይጓዛሉ፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያመጠቀው ጋያ የተባለው መንኮራኩር የእያንዳንዱን ኮከብ ርቀትና እንቅስቃሴ በጥንቃቄ ለክቷል። ከመንጋው ጋር የሚሄደው አባል ነው፤ የማይሄደው መንገደኛ። ጋሼ "እንግዲያው አንድ ቀን ይለያያሉ" አሉ። ልክ ናቸው፤ ክፍት ዘለላ የሚያስተሣሥረው የራሱ ስበት ልል ነው፤ ከጊዜ ብዛት ከዋክብቱ አንድ በአንድ እየተነጠሉ ጋላክሲው ውስጥ ይበተናሉ።

ቀያዮቹ ደግሞ የዘለላውን ዕድሜ ይናገራሉ። ሁሉም አንድ ላይ ተወልደው ሳለ ለምን ጥቂቶቹ ብቻ ቀሉ? ትልልቆቹ ከዋክብት ነዳጃቸውን ቶሎ ስለሚጨርሱ ነው። በመሐላቸው ያለው ሃይድሮጅን ሲያልቅ ያብጣሉ፤ ገጽታቸው ይቀዘቅዛል፤ ወደ ብርቱካናማ ይዞራሉ። ኤን ጂ ሲ 3532 ዕድሜው ከ300 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ ትልልቆቹ እዚህ ደረጃ ደርሰዋል። ሰባቱ ከዋክብት ግን ከ100 ሚሊዮን ዓመት ብዙም አልዘለሉም፤ ስለዚህ እዚያ ብርቱካናማ አባል ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ደማቆቹ ሁሉ ሰማያዊ ነጭ ናቸው። ሁለቱን ዘለላዎች በአንድ ሌሊት ማነጻጸር ይቻላል፤ መጋቢት ላይ ሰባቱ ከዋክብት ምዕራብ ላይ ሳይጠልቁ በመጀመሪያ እነሱን፣ ከዚያ ይህኛውን። በአቧራ ሰሞን ግን ሁሉም ነገር ስለሚቀላ ቀለሙን መለካት ያለባችሁ ከአጠገቡ ካለው ኮከብ ጋር እያነጻጸራችሁ ነው።

ርቀቱ ወደ 1,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ዓይናችን የሚገባው ብርሃን ከዚያ የተነሣው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ አፄ ካሌብ አክሱም ላይ በነገሡበት ዘመን ነው ማለት ነው። ይህን ለልጆች ስነግራቸው ከየትኛውም ቁጥር በላይ ይገባቸዋል።

አሁን ስለ ማጉላት። ጀማሪ ሁሉ ማጉላትን ይወዳል። 10 ሚሊ ሜትሩን አይፒስ ሳስገባ 65 እጥፍ ይሆናል፤ የሚታየው ሰማይ ከአንድ ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከዋክብቱ ይበዛሉ፤ ጥቃቅኖቹ ይወጣሉ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠጋጉት ይለያያሉ። ዘለላው ግን ይጠፋል፤ የሚታየው በከዋክብት የተሞላ ሰማይ ነው እንጂ ቅርጽ ያለው ነገር አይደለም። የአንድ ጓደኛዬ ባለ 200 ሚሊ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ከእኔው ከእጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል፤ በዚያው በ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ 48 እጥፍ ያጎላል፤ የሚያሳየው ግን አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ዘለላው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቶ ይፈሳል። ከእሱ ቴሌስኮፕ የማየው ደብዛዛ ኮከብ ብዛት ከእኔው ጋር አይወዳደርም፤ ሙሉውን ዘለላ ለማየት ግን እሱ ራሱ ወደ እኔ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይመጣል። እኔም ከጠየቃችሁኝ ለዚህ ዘለላ ምርጡ ከ15 እስከ 30 እጥፍ ነው እላለሁ፤ አየሩም ዝቅ ባለ ሰማይ ላይ ስለሚርገበገብ ከዚያ በላይ ማጉላት ርግብግቡን ነው የሚያጎላው።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። ዘለላውን መጀመሪያ የመዘገበው ፈረንሳዊው ኒኮላ ሉዊ ደ ላካይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1751 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ላይ ተቀምጦ ወደ 10,000 የሚጠጉ የደቡብ ከዋክብትን ሲመዘግብ ያየበት መሣሪያ የፊት ሌንሱ ግማሽ ኢንች ብቻ ነበር፤ የሚያጎላውም 8 እጥፍ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ተራ ባይኖኩላር ከእሱ ይበልጣል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሀብል ቴሌስኮፕ አለ። ጠፈር ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሣው እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1990 ሲሆን ያነሣውም ከዚሁ ከኤን ጂ ሲ 3532 ውስጥ ነው። ዕይታው ጠባብ ስለሆነ ግን የያዘው ከዘለላው ጥቂት ከዋክብትን ብቻ ነው። ሙሉውን ለማየት ያኔም ዛሬም ትንሹ መሣሪያ ይሻላል።

እዚያው ላይ ሳላችሁ ሌሎችንም እዩ። ከካሪና ኔቡላ በታች ወደ አምስት ዲግሪ ዝቅ ብሎ አይ ሲ 2602 አለ፤ የደቡብ ሰባቱ ከዋክብት ይሉታል፤ ለባይኖኩላር የተሠራ ይመስላል፤ ከሰሜን ኢትዮጵያ ግን በጣም ዝቅ ይላል። ከደቡብ መስቀል የግራ ክንድ ኮከብ አጠገብ ያለችው ኤን ጂ ሲ 4755 ደግሞ ትንሽና የተጠጋጋች ስለሆነች ማጉላትን የምትወድ እሷ ናት፤ 65 እጥፉ ለእሷ ይሁን።

መሣሪያ ገና ላልገዛ ሰው ምክሬ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ 10 በ50 ባይኖኩላር። ከዚያ ቴሌስኮፕ ከሆነ የትኩረት ርቀቱ አጠር ያለውን ምረጡ፤ ሣጥኑ ላይ "525 እጥፍ ያጎላል" የሚል ቁጥር በትልቁ የተጻፈበትን እለፉት። 70 ሚሊ ሜትር ሌንስና 700 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ቴሌስኮፕ ቤት ውስጥ ካለ አትናቁት፤ በ20 ሚሊ ሜትር አይፒስ 35 እጥፍ ሆኖ ዘለላውን ሙሉውን ይይዛል። አንድ አይፒስ ብቻ መጨመር የሚችል ሰው ደግሞ የሚያጎላውን ሳይሆን የሚያሰፋውን ይግዛ፤ 32 ሚሊ ሜትር ፕሎስል የሚባለውን ማለቴ ነው። ያኔ የ700 ሚሊ ሜትሩ ቴሌስኮፕ 22 እጥፍ ሆኖ ከሁለት ዲግሪ በላይ ያሳያል። ቴሌስኮፑ የሚቆምበት እግር የሚወዛወዝ ከሆነ ከመሐሉ ላይ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ማንጠልጠል ይረዳል።

ያያችሁትን በእርሳስ ሣሉት። ወረቀቱ ላይ ክብ ሠርታችሁ መጀመሪያ ያን ቢጫ ኮከብ፣ ከዚያ ብርቱካናማዎቹን፣ ከዚያ ደማቆቹን ነጮች አስቀምጡ። ሁሉንም መጨረስ አይቻልም፤ ሥዕሉ የሚያስፈልገው ዓይንን ለማዘግየት ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አይፒሱንና የአየሩን ሁኔታ ከጎኑ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስታነጻጽሩ ዝናብ ያጠበው ሰማይ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ራሳችሁ ታያላችሁ።

ውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ ይህን ልጨምር። ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከቴል አቪቭ ይህን ዘለላ ማየት አትችሉም፤ ከአድማስ በላይ አይወጣም። ዱባይ ላይ ይወጣል፤ ግን 6 ዲግሪ ላይ ስለሚቀር አቧራና መብራት ይውጠዋል። ለፋሲካ አገር ቤት የምትመጡ ከሆነ ሻንጣው ውስጥ ከሚገባው ሁሉ መካከል ለአንዲት ባይኖኩላር ቦታ ተዉላት። ከተማው ውስጥ ላለ ቤተሰብ ሳይሆን በደቡብ በኩል ገጠር ላለው ዘመድ ቤት ስትሄዱ ያዟት፤ ከእራት በኋላ፣ የቤቱ መብራት ጠፍቶ፣ ፊትን ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ከመስቀሉ በስተቀኝ አንድ ጭብጥ።